«ገባችሁ?» ማለት ያቆምኩበት ክፍል

ከመንግሥት ትምህርት ቤት ወደ ኢንተርናሽናል ትምህርት ቤት ለመሻገር የሚያስቡ መምህራን በየጊዜው ይደውሉልኛል። የብዙዎቹ የመጀመሪያ ጥያቄ ደሞዝ ነው። አልፈርድባቸውም፣ የእኔም የመጀመሪያ ጥያቄ እሱ ነበር። ሁለተኛው ግን ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «እውነት ክፍል ውስጥ ሃያ ልጅ ብቻ ነው ያለሽ? ታዲያ ሥራው ቀለለሽ አይደል?» ይህን በስልክ ለመመለስ ብዙ ጊዜ ሞክሬ አልሆነልኝም፤ አዎ ብል ውሸት ነው፣ አይ ብልም ውሸት ነው። ስለዚህ ካለፍኩበት ጀምሬ ልጻፈው።

ኮተቤ በሒሳብ ተመርቄ ማስተማር የጀመርኩት በ2006 ዓ.ም. በቱሉ ዲምቱ አካባቢ ባለ አንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት ነው። ስጀምር በክፍል አምሳ ምናምን ልጅ ነበር። በየአቅጣጫው ኮንዶሚኒየሙ ሰው እየገባበት ሲሄድ ቁጥሩም በየመስከረሙ ይጨምር ጀመር። ለአንደኛ ደረጃ በአንድ ክፍል 50 ተማሪ የሚለው የአገራችን መለኪያ እንዳለ ነው፤ እኔ ግን በ2012 አምስተኛ ክፍልን የተረከብኩት 68 ልጅ ይዤ ነው። ለሦስት በተሠራ ዴስክ አራት ይቀመጣሉ። ዳር ላይ ያለው ልጅ ግማሽ ጎኑ ውጭ ሆኖ፣ ደብተሩን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ይጽፋል።

እስቲ ሒሳቡን አብረን እንሥራው። አንድ ክፍለ ጊዜ 40 ደቂቃ ነው። ስም መጥራቱንም ሰሌዳ ማጥፋቱንም ሳንቀንስ ለ68 ብናካፍለው ለአንድ ልጅ 35 ሰከንድ ይደርሰዋል። አራት ሴክሽን ስለነበረኝ ደብተሩ 272 ነው። አንዱን በሁለት ደቂቃ ባርም እንኳ ዘጠኝ ሰዓት ይፈጃል፤ ያውም ለአንድ ጊዜ ሥራ። ስለዚህ አላርምም ነበር። ገጹን ገልጬ ራይት አደርግና ፈርሜ እመልሳለሁ። ልጁ ቀዩን ምልክት አይቶ ደስ ብሎት ይሄዳል፤ እኔም የሠራሁ ይመስለኛል። ይህን ስጽፍ ዛሬም ይከብደኛል፤ ግን እውነቱ እሱ ነው፣ ብዙ ባልደረቦቼም በዚያው ሁኔታ ውስጥ እንደሚሠሩ አውቃለሁ። የስንፍና ጉዳይ አይደለም። ዘጠኙን ሰዓት ከየት ታመጣዋለህ?

ትንሽ ክፍል ምን እንደሆነ መጀመሪያ ያየሁት ግን ኢንተርናሽናል ትምህርት ቤት ውስጥ አልነበረም። እዚያው ቱሉ ዲምቱ ነው ያየሁት።

መጋቢት 2012 ላይ ትምህርት ቤቶች በኮሮና ምክንያት ተዘጉ። በ2013 ሲከፈቱ ተማሪዎች ተራርቀው መቀመጥ ስለነበረባቸው፣ ከአምስተኛ ወደ ስድስተኛ ይዣቸው ያለፍኩት ልጆች በቡድን ተከፋፍለው ቀን እየለዩ መምጣት ጀመሩ። አንድ ዴስክ ላይ አንድ ልጅ። የመጀመሪያው ቀን ክፍል ስገባ ከፊቴ 23 ልጅ ነበር። ጸጥታው እንግዳ ሆነብኝ። ማስካቸውን አድርገው ሁሉም እኔን ያዩኛል፣ እኔም ሁሉንም አያቸዋለሁ።

በሁለተኛው ሳምንት ይመስለኛል፣ ሰሌዳ ላይ የጻፍኩትን ሁሉም ሲገለብጥ አንዲት ልጅ እስክሪብቶዋን ይዛ ዝም ብላ ተቀምጣለች። ጎበዝ ልጅ ናት፤ ደብተሯ ሁልጊዜ ሙሉ ነበር። ጠጋ ብዬ «ለምን አትጽፊም?» አልኳት። አንገቷን ደፋች። ቆይታ «ቲቸር፣ አይታየኝም» አለች። ለካ እስከዚያ ድረስ ከጓደኛዋ ደብተር ላይ ነበር የምትገለብጠው። ከአጠገቧ ጓደኛዋ ስትነሳ የምትገለብጥበት አጣች። አምስተኛ ክፍል ሳለችም አስተምሬያታለሁ፤ ሰሌዳው እንደማይታያት ግን አላወቅኩም። እናቷን አስጠርቼ ነገርኳቸው። በሚያዝያ መነጽር አድርጋ መጣች፤ ያን ቀን ከሦስተኛው ረድፍ ሆና ሰሌዳው ላይ ያለውን ጮክ ብላ አነበበችልኝ።

ከዚያ በኋላ ወደ 68 መመለሱ አልዋጥልህ አለኝ። በዚያ ክረምት በየቦታው አመለከትኩ። ከአያት ወደ ለገጣፎ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለ አንድ ኢንተርናሽናል ትምህርት ቤት ፈተነኝ፣ ተቀበለኝም። የእነሱ ዓመት የሚጀምረው በነሐሴ ነው። ከቱሉ ዲምቱ ኮዬ፣ ከኮዬ ጎሮ፣ ከጎሮ አያት እያልኩ በሦስት ታክሲ፣ በክረምቱ ጭቃ፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ሳይሞላ ከቤት እየወጣሁ ጀመርኩ። ክፍሌ ስገባ 19 ወንበር አለ። 19 ልጅ ብቻ።

አሁን ዋናውን ነገር ልናገር፤ ለመሻገር የምታስቡ ሰዎች ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የምትይዙ ከሆነ ይህን ያዙ። እኔ ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት 19 ልጆችን ያስተማርኳቸው ልክ 68 እንደሆኑ አድርጌ ነው። ሰሌዳው አጠገብ ቆሜ እናገራለሁ፤ ድምፄ ከክፍሉ አልፎ ኮሪደሩ ድረስ ይሰማል። ምሳሌ እሠራለሁ፣ ዞር ብዬ «ገባችሁ?» እላለሁ፣ «የስ ቲቸር!» ይሉኛል፣ እቀጥላለሁ። ጥያቄ ስጠይቅ እጃቸውን ካወጡት ሦስቱን ልጆች አንዱን እጠራለሁ፤ ሁልጊዜ እነዚያኑ ሦስቱን። ልጆቹ ጨዋ ናቸው፣ አይረብሹም፤ ስለዚህ ጥሩ እያስተማርኩ መሰለኝ።

በኅዳር አስተባባሪያችን አንድ ክፍለ ጊዜ ከኋላ ተቀምጣ አየችኝ። ብዙ ዓመት ያስተማረች፣ ንግግር የማታበዛ ሴት ናት። ሲያልቅ አንድ ወረቀት ሰጠችኝ። አስተያየት የለበትም፣ ቁጥር ብቻ ነው፦ ከ40ው ደቂቃ 31ዱን የተናገርኩት እኔ ነኝ። «ገባችሁ?» ያልኩት 14 ጊዜ። በስማቸው የጠራኋቸው ልጆች አራት። ከዚያ እንዲህ ስትል ጠየቀችኝ፦ «እህቴ፣ ዛሬ ሳይገባው የወጣው ልጅ ማን ነው?»

መልስ አልነበረኝም። 19 ልጅ ነው ያለኝ፣ ማን እንዳልገባው ግን አላውቅም።

ያን ቀን ታክሲ ውስጥ ቁጭ ብዬ ሳስበው የመጣሁት፣ «ገባችሁ?» የሚለውን ከየት እንዳመጣሁት ነው። በ68 ልጅ መካከል «ገባችሁ?» ሥራ አለው። አንድ ላይ «አዎ!» ሲሉ ክፍሉ ይሰበሰባል፣ ያንቀላፋውም ይነቃል፣ አንተም ትንፋሽ ትወስዳለህ። እኔ ራሴ በልጅነቴ እንዲሁ እየመለስኩ ነው ያደግኩት። ክፉ ነገር አይደለም፤ ለብዙ ሰው የተሠራ መሣሪያ ነው። 19 ልጅ ባለበት ግን መጋረጃ ይሆናል፤ አሥር ልጅ አዎ ሲል ዘጠኙ ከአሥሩ ድምፅ ጀርባ ይደበቃል። ክፍሉ ስላነሰ ብቻ መጋረጃው አይወርድም። አንተ ነህ የምታወርደው።

ስለዚህ ቃሉን ተውኩት። በቀላሉ አልተወኝም፤ እስከ ጥር ድረስ ከአፌ ያመልጠኝ ነበር። በምትኩ ያደረግኩት እንዲህ ነው። ነጭ ወረቀት ላሚኔት አስደርጌ ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ አንድ፣ ከማርከርና ከቁራጭ ጨርቅ ጋር ሰጠሁ። ምሳሌ ከሠራሁ በኋላ አንድ ጥያቄ እሰጣለሁ፤ ሁሉም ይጽፋል፣ «አሳዩኝ» ስል ሁሉም ያነሳል። 19 መልስ በአንድ እይታ ይታያል። ማን እንደገባው መጠየቅ አያስፈልግም። ከዚያ አፌን ዘግቼ መካከላቸው እዞራለሁ። ዝም ማለቱ ከሁሉም የከበደኝ ነገር ነው። ልጅ ሲያስብ ዝም ብሎ መጠበቅ ደሞዝ ያለ ሥራ መብላት ይመስለኝ ነበር።

አንድ ልጅ አለ፤ ትንሽ ክፍል ምን እንደሚሰጥ ያስተማረኝ እሱ ነው። አስርዮሽ ቁጥር እያስተማርኩ ነበር። ከሁለቱ ትልቁ የቱ ነው የሚል ሥራ ሰጠሁ፦ 0.5 ወይስ 0.35፣ 0.4 ወይስ 0.125፣ 0.9 ወይስ 0.87፣ 0.72 ወይስ 0.6። የመጀመሪያዎቹን ሦስቱን አገኛቸው። አራተኛው ላይ 0.6 ብሎ ጻፈ። ከአራት ሦስት ማለት ነው። ድሮ ቢሆን ሦስት ራይት፣ አንድ ኤክስ አድርጌ፣ ፈርሜ፣ «ጎበዝ» ብዬ አልፈው ነበር። አጠገቡ በርከክ ብዬ «ይቺን እንዴት አሰብካት?» አልኩት።

«ቲቸር፣ ከነጥብ በኋላ ቁጥሩ ከበዛ ያንሳል።»

«ለምን?»

«በጣም ስለተቆራረጠ ነዋ። ዳቦ ለአሥር ሲቆረጥና ለመቶ ሲቆረጥ፣ የመቶው ትንሽ ትንሽ ነው።»

እስቲ አስቡት። ያገኛቸውን ሦስቱንም ጥያቄዎች ያገኘው በተሳሳተ ሕግ ነው። ሕጉ ደግሞ ሙሉ በሙሉ ስህተት አይደለም፤ አንድ መቶኛ ከአንድ አሥረኛ እንደሚያንስ ገብቶታል፣ ያውም በራሱ ምሳሌ። የቀረው አንድ ነገር ነው፤ ስንት ቁራጭ እንደደረሰው መቁጠር። ከጠረጴዛዬ መሳቢያ የልብስ ሰፊ ሜትር አወጣሁና ዘረጋሁለት። «0.6 ሜትር የት ነው?» 60 ላይ ጣቱን አደረገ። «0.72ስ?» ጣቱ ወደፊት ሄደ። እዚያው እንዳለ ቀና ሳይል ቆየና፣ «እንዴ፣ ቁራጩንም መቁጠር አለብኝ ለካ» አለ። እኔ አልነገርኩትም። አራት ደቂቃ ቢፈጅ ነው።

አራት ደቂቃ ለ68 ልጅ ቢሰጥ አራት ሰዓት ተኩል ነው። በድሮው ክፍሌ ይህ ልጅ ሦስት ራይቱን ይዞ ስድስተኛ፣ ሰባተኛ ክፍል ይገባ ነበር፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ሒሳብ ሲከብደው «መሠረት የለውም» የምንለው ልጅ ይሆን ነበር። ስንቱን እንዲህ እንዳሳለፍኩ ሳስብ ሌሊት እንቅልፍ የነሳኝ ጊዜ አለ።

(የሒሳብ መምህር ከሆናችሁ አንድ ነገር ልጨምር። በዚህ ርዕስ ተቃራኒ ስህተትም አለ፦ 35 ከ5 ስለሚበልጥ 0.35 ከ0.5 ይበልጣል የሚል። ጥያቄዎቻችሁ ሁሉ ባለአጭሩ ቁጥር የሚያሸንፍባቸው ከሆኑ የመጀመሪያው ልጅ ይደበቃል፤ ሁሉ ባለረጅሙ የሚያሸንፍባቸው ከሆኑ ሁለተኛው ይደበቃል። ቀላቅሉ። ይህ በየትኛውም መጠን ክፍል ይሠራል፣ ሣንቲምም አያስወጣም።)

ደብተሩን በተመለከተ፣ አሁን አራት ሴክሽን በድምሩ 76 ልጅ ነው ያለኝ። ለአንዱ አምስት ደቂቃ ብሰጥ ስድስት ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ይሆናል። ልብ በሉ፤ ሰዓቱ ከድሮው ዘጠኝ ሰዓት ብዙም አልራቀም። ልዩነቱ ያኛው የማይቻል ስለነበር አልሠራውም፣ ይሄኛው ስለሚቻል እሠራዋለሁ። ስለዚህ «ቀለለሽ?» ለሚለው መልሴ ይህ ነው፦ ከበፊቱ የበለጠ እሠራለሁ፤ የምሠራው ግን ልጁ ጋ ይደርሳል። ድካሙ ሌላ ዓይነት ድካም ነው።

ጤናዬን ግን አትርፌበታለሁ። ድሮ በየዓመቱ ታኅሣሥ ሲገባ ድምፄ ይዘጋ ነበር። ዝንጅብል በማር፣ ጤና አዳም፣ የሐኪም ቤቱም ክኒን ምንም አላደረገልኝም፤ ሐኪሙም «ድምፅሽን አሳርፊ» ነው ያለኝ፣ ማሳረፍ የሚቻል ይመስል። አሁን በተለመደ ድምፅ ነው የማወራው። ድምፄ ከተዘጋ ሦስት ዓመት አልፎታል። ሌላው፣ «ዝም በሉ» የሚለውን ቃል በቀን ምን ያህል እንደምለው የገባኝ ማለቱን ሳቆም ነው። ከልጅ ጋር የሚያጣላኝ ነገር ጠፋ፤ ልጁ ከመረበሹ በፊት ፊቱ ላይ አየዋለሁና።

ስለ እንግሊዝኛው የሚፈሩ አሉ፤ እኔም ፈርቼ ነበር። ወላጆቻቸው በአፍሪካ ኅብረትና በኤምባሲዎች የሚሠሩ ልጆች አሉ፤ ከውጭ አገር የተመለሱ ኢትዮጵያውያን ልጆችም አሉ። በ68 ልጅ ፊት የማይፈተነው እንግሊዝኛዬ እዚህ በየቀኑ ይፈተናል፣ ምክንያቱም ልጆቹ ይመልሱልኛል። በትንሽ ክፍል ግን መናገር ከንግግር ወደ ጭውውት ይቀየራል፤ ጭውውት ደግሞ ቋንቋ ያስተምራል። በአንድ ዓመት ውስጥ በሰባት ዓመት ያልተሻሻልኩትን ያህል ተሻሻልኩ።

አሁን ወደማይነገረው ልምጣ። ትንሽ ክፍል ማለት ብዙ ጊዜ ትንሽ ትምህርት ቤት ማለት ነው። ሴክሽን ስለሚያንስ አንድ መምህር ብዙ የክፍል ደረጃ ይይዛል። ድሮ አንድ የትምህርት ዕቅድ አዘጋጅቼ አራት ሴክሽን ላይ አስተምረው ነበር። አሁን አምስተኛ ሁለት ሴክሽን፣ ስድስተኛ አንድ፣ ሰባተኛ አንድ ይዣለሁ፤ ሦስት የተለያየ ዝግጅት በየቀኑ። በመጀመሪያው ዓመት እሑዶቼን በሙሉ የበላው ይህ ነው፣ ማንም ቀድሞ አልነገረኝም።

ወላጅም ቅርብ ነው። 19 ቤተሰብ ሁሉም ስልክሽን ያውቃል። ኮሙኒኬሽን ቡክ በየቀኑ ይሞላል፣ ቴሌግራሙ ደግሞ ከምሽቱ 4 ሰዓትም ይጮኻል። እኔ በሁለተኛው ዓመት በመጀመሪያው የወላጆች ስብሰባ ላይ፣ መልእክት የምመልሰው ከቀኑ 9 ሰዓት ተኩል እስከ 11 ሰዓት እንደሆነ በትሕትና ተናገርኩ። ማንም አልተቀየመም። ከመጀመሪያው ቀን ካልተናገራችሁ ግን በኋላ ማስተካከል ከባድ ነው። ደግሞ የልጅ መሄድ አለ። ወላጅ ይዛወራል፣ ዓመቱ መካከል ላይ ልጁ ይሄዳል። ከ68 አንድ ሲጎድል በስም ጥሪ ነው የሚታወቀው፤ ከ19 ሲጎድል ክፍሉ ራሱ ይለወጣል። ያ ባለዳቦው ልጅ በሦስተኛው ተርም ሄደ። ወንበሩን ለሳምንት ያህል አላነሳሁትም።

አንድ ዓመት ላይ፣ ክፍሉን ወደ 28 ከፍ አድርጎ ረዳት መምህር መጨመር ይሻላል የሚል ሐሳብ በስብሰባችን ተነስቶ ነበር። ለብዙዎቻችን እኩል ይመስላል፤ ሁለት ሰው ለ28 ከአንድ ሰው ለ19 ያንሳል እንዴ? አስተባባሪያችን ያን ጊዜ የጠቀሰችልን በአሜሪካ ቴነሲ ግዛት እ.ኤ.አ. ከ1985 ጀምሮ ለአራት ዓመት የተካሄደውን ሙከራ ነው። ከመዋዕለ ሕፃናት እስከ ሦስተኛ ክፍል ያሉ ልጆችን በዕጣ ለሦስት መደቡ፦ ከ13 እስከ 17 ልጅ ያለበት ክፍል፣ ከ22 እስከ 25 ያለበት ክፍል፣ እና ያው ከ22 እስከ 25 ሆኖ ሙሉ ጊዜ ረዳት ያለው ክፍል። በትንሹ ክፍል ያሉት በንባብም በሒሳብም ብልጫ አሳዩ፤ በተለይ ከድሃ ቤተሰብ የመጡት ተጠቀሙ። ረዳት የተጨመረለት ክፍል ግን ከተለመደው ክፍል ይህን ያህል አልተለየም። የእኛ ረዳቶች ታታሪ ልጆች ናቸው፣ አከብራቸዋለሁ፤ ነገር ግን ያንን ባለዳቦውን ልጅ «እንዴት አሰብካት?» ብሎ የሚጠይቀው ትምህርቱን ያቀደው ሰው ካልሆነ መልሱ ነገ ወደሚሰጠው ትምህርት አይገባም። ሐሳቡ ያኔ ቀረ።

ሌላም ከዚያው አገር የተማርነው አለ። ካሊፎርኒያ በ1996 እ.ኤ.አ. የታችኞቹን ክፍሎች ወደ 20 ልጅ ዝቅ ለማድረግ ስትነሳ፣ በአንድ ጊዜ ብዙ ልምድ የሌላቸው መምህራን መቅጠር ግድ ሆነባት፤ ክፍልም አጠራት። ይህን ስሰማ የራሴን ሦስት ወር አስታወሰኝ። በቁጥር ትንሽ የሆነ ክፍል ሁሉ ትንሽ ክፍል አይደለም።

ለቃለ መጠይቅ ስትሄዱ እንግዲህ «ስንት ተማሪ አለ?» ብላችሁ አታቁሙ። ስንት የክፍል ደረጃ እንደምትይዙ፣ በሳምንት ስንት ክፍለ ጊዜ እንደሆነ፣ መምህር ሲቀር ማን እንደሚተካ ጠይቁ። የተማሪው ቁጥር ጣሪያ አለው ወይ፣ ምዝገባ ከበዛስ ሴክሽን ይከፈታል ወይስ ወንበር ይጨመራል? በጽሑፍ ካለ አሳዩኝ በሉ። በግል ትምህርት ቤት የሚቀጠር መምህር በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው የሚተዳደረው፤ የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም፣ በጽሑፍም መሆን አለበት። ከዚህ የረዘመ ካያችሁ ከመፈረማችሁ በፊት ጠይቁ። አንድ ክፍል ገብታችሁ ለማየትም ጠይቁ፤ ከኋላ ተቀምጣችሁ ማን እንደሚናገር ቁጠሩ። መምህሩ ብቻ የሚናገር ከሆነ ቤቱ ትንሹን ክፍል እንዴት እንደሚጠቀምበት ገና አላወቀም ማለት ነው፤ የሚያግዛችሁ ሰው ላይኖር ይችላል። እኔን ያዳነችኝ ያቺ አስተባባሪ ናት።

በድሮው ትምህርት ቤቴ አብራኝ ታስተምር የነበረች ጓደኛዬ ባለፈው ዓመት ይህን ሁሉ አውርቻት ስጨርስ፣ «አንቺስ ሄድሽ፤ እኔ 70 ልጅ ይዤ ምን ላድርግ?» አለችኝ። ልክ ናት፤ ላሚኔት ለ70 ልጅ ማን ይገዛል? ቁጭ ብለን አሰብን። ሁሉንም ደብተር ማረም ካልተቻለ በቀን አምስት ደብተር ብቻ፣ ግን በደንብ። ፊርማ የለም፤ አንድ ስህተት መርጦ «እንዴት አሰብሽው?» ብሎ መጠየቅ ብቻ። በአሥራ አራት የትምህርት ቀን 70ውም ይዳረሳል። የስሙን ዝርዝር በትንሽ ደብተር ጻፍንና፣ ከእያንዳንዱ ስም ጎን ባዶ ቦታ ተውን።

ከሦስት ሳምንት በኋላ በምሽት ደወለችልኝ። አስርዮሽ ላይ ደርሳለች። ያንን የቀላቀልኩትን ጥያቄ ሰጥታ፣ ከአየቻቸው ልጆች ውስጥ አሥራ አንዱ 0.6 ከ0.72 ይበልጣል ብለዋል። «አሥራ አንድ! አንድ ላይ ላስቀምጣቸው ወይስ ልበታትናቸው?» ትለኛለች፣ ድምፅዋ ውስጥ ያለው ደስታ በስልክ ይሰማኛል። ቅዳሜ አያት ባቡር ጣቢያ አጠገብ ተገናኘን። ሻይ አዘን፣ የአሥራ አንዱንም ልጆች ደብተር ጠረጴዛው ላይ ዘርግተን፣ እኔ የልብስ ሰፊውን ሜትር ይዤላት ሄጄ ነበር።